ቤተ ሰብ ወደ አራዊት ግቢና ወደ መጫወቻ ሥፍራ ሲወጣ ስለሚያስፈልገው የጤና ጥንቃቄ



የቤተ ሰብ አባት የሳምንቱን ሥራ ከፈጸመ በኋላ ባለቤቱንና ልጆቹን፣ አያትንና አክስትንም ጨምሮ ይዞ ቢወጣና ንጹሕ አየር ቢቀበል፣ ለአካልም ለአእምሮም ታላቅ ጥቅም እንዳለው የታወቀ ነው። ሕፃን ልጅ በመጽሐፍ ላይ በሥዕል ያየውን አንበሳ በዐይኑ ሲመለከት፣ የጦጣን ዝላይ ሲያደንቅ፣ በዥዋዥዌና በሸርተቴ ሲጫወት ዕውቀትንና ደስታን ባንድነት ያገኛል። ይሁን እንጂ የመጓጓዣው፣ የመግቢያውና የምሳው ወጪ ቀላል ስላይደለ ብዙ ቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን ቀን የሚያገኘው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በብዙ ምኞት የተጠበቀ ቀን በጥቂት ቸልተኝነት ምክንያት ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ እንዳይሆን፣ የዚህ ወር ትምህርታችን ስለዚሁ ጉዳይ ይሆናል። ዓላማችንም ቤተ ሰብን ከመውጣት ለመከልከል ሳይሆን፣ በሥርዐት ወጥቶ በጤና እንዲመለስ ለማድረግ ነው።

በአገራችን አራዊትን በግቢ አኑሮ ለሕዝብ ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ የተቋቋመው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በ1948 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጥቁር ጎፈር ያላቸው የዚህ ግቢ አንበሶች በ2012 ታትሞ በወጣ ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ከእነርሱ ጋር ከተነጻጸሩት ሌሎች አንበሶች በዘር ባሕርያቸው የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል። በ2019ም በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ የአንድነት ፓርክ ሲከፈት የአራዊት ሥፍራ አብሮ ተዘጋጅቷል። ከእነዚህ ሌላ በልዩ ልዩ ከተሞች ጥቂት መጫወቻዎችን ከጥቂት እንስሳት ጋር አዋሕደው የያዙ ትንንሽ መናፈሻዎች ይገኛሉ። የፍየል ግልገል፣ ጥንቸል፣ ኤሊ፣ ዳክዬ፣ አንዳንድ ጊዜም ጦጣ ይኖርባቸዋል። ትምህርታችን ይበልጡን የሚመለከተው እንዲህ ያሉትን ሥፍራዎች ነው።

1ኛ፤ ፍርሃታችን ሥፍራውን እንዳይስት

ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አራዊት ግቢ ሲገቡ የሚፈሩት አንበሳውን ነው። ሕፃኑ ወደ ብረቱ ሲጠጋ እናት ትጮኻለች፤ አባትም ክንዱን ይዞ ይጐትተዋል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአንበሳው አልፈው ከግልገሎቹ ዘንድ ሲደርሱ ፍርሃቱ ሁሉ ይጠፋል። ሕፃኑ ግልገሉን ዐቅፎ ይስማል፤ እጁን ያስልሰዋል፤ ከዚያም በዚያው እጁ ብስኩት ይበላል። ወላጆቹም በደስታ ፎቶግራፍ ያነሡታል።

አንበሳው በብረት አጥር ታግዷል። በግልገሉ ጠጉርና ፋንድያ ላይ ያለውን፣ ያለ አጉሊ መነጽር የማይታየውን ረቂቅ ተሐዋስ የሚያግድ አጥር ግን አልተሠራም። ለዚህ ጠላት አጥሩ ውኃና ሳሙና ነው።

ይህ ለማስፈራራት የተነገረ ቃል እንዳልሆነ በሌሎች አገሮች ከደረሰው እንረዳለን። በ2004 በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት ትርኢት ላይ ልጆች በጎችንና ፍየሎችን እንዲዳስሱ በተከፈተ ሥፍራ ምክንያት 108 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነዚህም 15ቱ ኩላሊታቸው ተጐዳ። በ2009ም በእንግሊዝ አገር በሱሬይ ግዛት ለጐብኝዎች ክፍት በሆነ አንድ የእርሻ ሥፍራ 93 ሰዎች በዚሁ ዐይነት በሽታ ተያዙ፤ የሚበዙትም ሕፃናት ነበሩ። እነዚህ ቤተ ሰቦች ሁሉ የወጡት እንደ እኛ ለመዝናናት ነበር። ሕክምናና የቧንቧ ውኃ በተስፋፋባቸው አገሮች ይህን ያህል ጉዳት ከደረሰ፣ እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን አንባቢው ራሱ ሊፈርድ ይችላል።

2ኛ፤ የበሽታው ምክንያትና አካሄዱ

ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ በመጀመሪያ የገለጸው ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም በ1885 ነው። ከዚህ ባክቴሪያ ዐይነቶች አብዛኞቹ በሰው አንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖራሉ። ኦ157 ተብሎ የሚጠራው ዐይነት ግን መርዝ ያመነጫል፤ ሰውን የሚያሳምም መሆኑም የታወቀው በ1982 ነው። የሚኖረው በከብት፣ በበግና በፍየል አንጀት ውስጥ ሲሆን፣ እንስሳውን ራሱን አያሳምመውም። ስለዚህ «ግልገሉ ጤነኛ ነው፤ ጠጉሩም ያብለጨልጫል» ብሎ መተማመን አይገባም።

ይህ ተሐዋስ ሰውን ለማሳመም ብዛት አያስፈልገውም፤ ከመቶ ያነሰ ቍጥር እንኳ ይበቃዋል። እንስሳው በተኛበት ጊዜ ከፋንድያው ወደ ጠጉሩ፣ ከጠጉሩ ወደ ልጁ እጅ፣ ከእጁ ወደ አፉ ይተላለፋል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ3 ወይም ከ4 ቀን በኋላ ነው፤ እስከ 10 ቀን የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። በመጀመሪያ የሆድ ቍርጠትና ተቅማጥ ይመጣል፤ ቀጥሎም ተቅማጡ ደም ይቀላቅላል። አብዛኞቹ ሕሙማን ይድናሉ። ነገር ግን በአንዳንዶቹ ላይ፣ ይልቁንም ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች በሆኑት ሕፃናት ላይ፣ መርዙ ቀይ የደም ሕዋሳትን አፍርሶ ኩላሊትን ሥራ ያስፈታል።

ከዚህም ሌላ ኤሊ፣ ጫጩትና ዳክዬ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሐዋስ ይይዛሉ። ትንሽ ኤሊ ለልጅ መጫወቻ እጅግ የተመቸች ትመስላለች፤ ዳሩ ግን ልጆች ወደ አፋቸው እያስገቧት ብዙ ሕመም ስለ ደረሰ፣ የአሜሪካ መንግሥት ርዝመቷ ከ4 ኢንች፣ ማለት ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሰች ኤሊ እንዳትሸጥ በ1975 ከልክሏል። ነፍሰ ጡር እናቶችም በመውለድ ላይ ያሉ ወይም በቅርብ የወለዱ በጎችንና ፍየሎችን፣ አዲስ የተወለዱትንም ግልገሎች ከመንካት ሊርቁ ይገባል፤ ፅንስን የሚያስወርዱ ተሐዋስያን በዚያ ጊዜ ይገኛሉና።

3ኛ፤ ከቤት ሳይወጡ የሚደረግ ዝግጅት

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ የቀኑ ጤና የሚወሰነው ከቤት ሳይወጣ ነው። አባት፣ እናት፣ አያትና አራት ልጆች ያሉበትን አንድ ቤተ ሰብ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ይህ ቤተ ሰብ ከምሳው ዕቃ ጋር አንድ ሳሙና፣ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውኃ፣ አንድ ማንቆርቆሪያና ሁለት ንጹሕ ፎጣዎች ይያዝ። ከመካከላቸው አንድ ሰው፣ በተለይ ከልጆቹ ታላቁ፣ የማስታጠብ ኀላፊነት ይሰጠው። ኀላፊነት የተሰጠው ልጅ ሌሎቹን ሲቈጣጠር ራሱም ይማራል።

ትኵሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት ልጅ እቤት ይቈይ። በእጁ ላይ ቍስል ያለበትም ቍስሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈንለት። ፀሓዩ በደጋ አገር ሲበረታ ቆዳን ስለሚያቃጥል ለሁሉም ባርኔጣ ወይም ጥላ ያስፈልጋል። ረዥም ጥፍር ለተሐዋስያን መሸሸጊያ ስለ ሆነ፣ የልጆች ጥፍር በዋዜማው ይቈረጥ።

4ኛ፤ በእንስሳት ዘንድ

በእንስሳት ግቢ ውስጥ ምንም ነገር ወደ አፍ አይግባ። ይህ አንድ ሕግ ሌሎቹን ሁሉ ይጠቀልላል። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ማስቲካና የጡጦ ጫፍ ሁሉ ከእንስሳቱ አጥር ውጭ ይቈዩ። ጡጦው ወይም መጫወቻው መሬት ላይ የወደቀበት ሕፃን ሳይታጠብ አይመለስለት። አውራ ጣቱን የመጥባት ልማድ ያለው ልጅ እንስሳውን በዐይኑ ብቻ እንዲያይ ቢደረግ ይሻላል።

ልጅ እንስሳ ሲዳስስ አንድ አዋቂ አጠገቡ ይቁም። እንስሳን መሳምና ፊትን ማስላስ የተከለከለ ይሁን። ለጦጣና ለዝንጀሮ ምግብ መወርወርም አይገባም፤ ይህ ክልከላ ስለ ሰውም ስለ እንስሳውም ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር እንደሚታየው፣ ከሰው እጅ መቀበል የለመደ ጦጣ እየደፈረ ይሄዳል፤ የተከለከለ ጊዜም ይነጥቃል፣ ይቧጭራል፣ ይነክሳል። የፕላስቲክ ከረጢት የዋጠ እንስሳ ደግሞ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሞት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳንም የመሰለ በሽታ ከሰው ወደ ዝንጀሮ፣ ከዝንጀሮም ወደ ሰው ሊተላለፍ እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከእንስሳቱ ዘንድ እንደ ወጡ፣ አንድም ሰው ሳይቀር፣ እንስሳ ያልነካውም ጭምር እጁን ይታጠብ። አጥሩንና በሩን የነካ እጅ እንስሳውን እንደ ነካ ይቈጠራልና። አስተጣጠቡም እንዲህ ነው፤ እጅን በሚፈስ ውኃ ማርጠብ፣ ሳሙና መቀባት፣ መዳፍን፣ የእጅን ጀርባ፣ የጣቶችን መካከልና የጥፍርን ሥር ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ማሸት፣ በሚፈስ ውኃ ማለቅለቅ፣ በንጹሕ ፎጣ ማድረቅ። በነጠላ ጫፍ ወይም በሱሪ ላይ መጥረግ የታጠበውን እጅ መልሶ ያሳድፈዋል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የአልኮል ፈሳሽ በጭቃና በፋንድያ በቈሸሸ እጅ ላይ በቂ ሥራ ስለማይሠራ በውኃና በሳሙና ፈንታ ሊቈጠር አይችልም።

በዚህ ረገድ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ልማድ የሚያኰራ ነው። ከማዕድ በፊት ታናሹ ማንቆርቆሪያና ሰን ይዞ ታላላቆቹን ሲያስታጥብ፣ ውኃው በእጅ ላይ ይፈስሳል፤ ያደፈውም ውኃ ወደ ሰኑ ይወርዳል። ብዙ ሰው ባንድ ሳፋ ውኃ እጁን ከሚነክር ይህ እጅግ የበለጠ ነው። የሚጐድለው ሳሙናው ብቻ ነው።

5ኛ፤ ስለ ምግብና ስለ ውኃ

ምሳ የሚበላበት ሥፍራ ከእንስሳቱ ራቅ ያለ፣ ነፋሱም ከእነርሱ ወደ ምግቡ የማይነፍስበት ይሁን። የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ወይም ሳይሞቅ ከ2 ሰዓት በላይ እንዲቈይ አይገባም፤ በለብታ ውስጥ ተሐዋስያን ይራባሉና። ጧት በ2 ሰዓት የተሠራ የሥጋ ወጥ በፀሓይ ውስጥ ቈይቶ በ7 ሰዓት ቢበላ ምን ዐይነት አደጋ እንደሚያመጣ መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቀን ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ደረቅ ዳቦ፣ እንዲሁም ልጣጩ የሚላጥ ሙዝና ብርቱካን የተሻሉ ናቸው። ጥሬ ሥጋ በዚህ ቀን ከማዕድ ይቅር።

ጕርሻ የፍቅራችን ምልክት ነው። ነገር ግን ግልገል የዳሰሰች እናት ሳትታጠብ ልጇን ስታጐርስ፣ በፍቅር ፈንታ በሽታን ልታጐርሰው ትችላለች። ስለዚህ የሚያጐርስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይታጠብ።

የሚጠጣ ውኃ ከቤት ተፈልቶ ይወሰድ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ውኃ በዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ከተሞች የምንኖር ሰዎች ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ልንጠብቅ ይገባናል።

6ኛ፤ ስለ መጫወቻ መሣሪያዎች

በልጆች መጫወቻ ሥፍራ ከሚደርሱት አደጋዎች የሚበዙት ከከፍታ መውደቅ ናቸው። ስለዚህ አባት መሣሪያውን ከመመልከቱ በፊት ከሥሩ ያለውን መሬት ይመልከት። ከዥዋዥዌና ከሸርተቴ በታች አሸዋ ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር ካለ መልካም ነው፤ ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ ከሆነ ግን ትንንሽ ልጆች አይውጡበት። ዝገት የበላውን ብረትና ሰንሰለት እጅ ከመንካቱ በፊት ዐይን ይመርምረው። የዥዋዥዌ ፊትና ኋላ መተላለፊያ መንገድ አይደለም።

በሚዞሩ መሣሪያዎች ላይ ለሚወጣ ሰው ነጠላ፣ ሻሽና የአንገት ልብስ እጅግ አደገኛ ናቸው። ኢሳዶራ ዳንካን የተባለችው የታወቀች ዳንሰኛ በ1927 በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ በአውቶሞቢል ስትሄድ፣ የአንገት ልብሷ በጎማው ተጠምጥሞ ወዲያው ሕይወቷ አልፏል። እኅቶቻችንና እናቶቻችን ከመቀመጣቸው አስቀድመው ነጠላቸውን አውልቀው በታች ለሚቈየው ሰው ይስጡ።

7ኛ፤ ንክሻ የደረሰ እንደ ሆነ

ውሻ፣ ድመት ወይም ጦጣ ልጅን ቢነክስ ወይም ቢቧጭር፣ ቍስሉ ቢያንስም ቸል አይባል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ ግን ፈጽሞ ሊከላከሉት የሚቻል ነው። በ1885 ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ በውሻ ተነክሶ ወደ ሉዊ ፓስተር ተወሰደና ክትባት ተሰጥቶት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ክትባቱ እጅግ ተሻሽሏል።

የመጀመሪያው ሕክምና ከዚያው ከሥፍራው ይጀምራል። ቍስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ለእጅ የተያዘው ጀሪካንና ሳሙና በዚህ ጊዜ ሕይወት ያድናል። ከዚያ በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። በቍስሉ ላይ ቅጠል፣ ዐመድ ወይም በርበሬ መነስነስ ጉዳትን ይጨምራል እንጂ አይጠቅምም። ሌላ ዐይነት ፈውስ የሚሻ ሰው ቢኖር እንኳ ክትባቱን አያዘግይ።

8ኛ፤ ከተመለሱ በኋላ

እቤት ሲደርሱ ጫማ ከደጅ ይጠረግ፤ እጅ እንደ ገና ይታጠብ፤ የልጆችም ልብስ ይለወጥ። ወላጆች ይህን ቀን አስታውሰው እስከ 10 ቀን ድረስ የልጆቻቸውን ሁኔታ ይከታተሉ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ኦ አር ኤስ በተፈላ ውኃ በጥብጦ ይጠጣ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የሽንት ማነስ፣ የፊት መገርጣት ወይም እብጠት የታየበት ልጅ ግን በዚያው ዕለት ለሐኪም ይታይ፤ እንስሳ ነክቶ እንደ ነበረም ይነገር። ሐኪም ሳያዝ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ መስጠት በዚህ በሽታ ላይ የኩላሊትን ጉዳት ሊያባብስ ይችላል።

9ኛ፤ ለሥፍራው ባለቤቶችና ለከተማው ሕዝብ

እኛ ለትምህርት በውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ፣ በደንብ በተሠሩ የእንስሳት ሥፍራዎች የእጅ መታጠቢያው ከመውጫው በር አጠገብ ተሠርቶ፣ ሰው ሳያየው ማለፍ እንዳይችል ሆኖ አይተናል። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ቧንቧ የተገጠመለት አንድ በርሜል፣ በገመድ የታሰረ ሳሙና፣ ለሕፃናት ቁመት የሚስማማ አንድ መርገጫና ውኃው የሚወርድበት ጕድጓድ ይበቃል። ክቡራን አንባብያን ወደ እንዲህ ያለ ሥፍራ ሲሄዱ «የእጅ መታጠቢያው ወዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ሰው ቢጠይቅ ባለቤቱ ይረሳው ይሆናል፤ መቶ ሰው ቢጠይቅ ግን በርሜሉን ያስቀምጣል።

10ኛ፤ ለመምህራን የቀረበ የክፍል ሥራ

መምህር ተማሪዎቹን ወደ አራዊት ግቢ ከመውሰዱ በፊት ይህን ቢያሠራቸው ትምህርቱ በልባቸው ይቀረጻል። የቀይ ወይም የሰማያዊ ጠመኔ ዱቄት በአንድ ተማሪ መዳፍ ላይ ይቀባ። ያ ተማሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይጨባበጥ፤ እነርሱም ከሌሎች ጋር ይጨባበጡ፤ ደብተር ይግለጡ፤ በር ይክፈቱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀለሙ ያረፈበትን ሁሉ ቈጥረው በሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ባንዳንዱ ልጅ አፍንጫና ከንፈር ላይ እንኳ ሳይገኝ አይቀርም። ቀጥሎ ግማሾቹ በውኃ ብቻ፣ ግማሾቹ በውኃና በሳሙና ታጥበው ጥፍራቸውን ያነጻጽሩ። መምህሩም «ይህ ቀለም ስለሚታይ ሸሻችሁት፤ ተሐዋስ ግን አይታይም» ብሎ ያስረዳቸው።

ከዚህ በኋላ ተማሪዎች እነዚህን ጥያቄዎች ይመልሱ።

1. ጤነኛ የሚመስል ግልገል በሽታ ሊያስተላልፍ የሚችለው እንዴት ነው?
2. እንስሳ ያልነካ ሰው ስለ ምን ይታጠባል?
3. በደጋ ከተማ ውኃ ስናፈላ ረዘም ያለ ጊዜ የምንጠብቀው ለምንድር ነው?
4. ታናሽ ወንድማችሁን ውሻ ቢነክሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ምን ታደርጋላችሁ?
5. በሠፈራችሁ ባለው መጫወቻ ሥፍራ የእጅ መታጠቢያ አለን? ከሌለ ለማን ትነግራላችሁ?

አምስተኛውን ጥያቄ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ይሥሩት፤ መልሱንም መምህሩ ሰብስቦ በከተማው ለሚገኘው የጤና ጽሕፈት ቤት ቢያቀርበው፣ የክፍሉ ሥራ ለሕዝብ ጥቅም ይውላል።